«እውነቷን ነው» ያሉት ሰውዬ

ባለፈው ክረምት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፏል። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቀናል። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ መስኮቱ በትንፋሻችን ደብዝዟል። መስመሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ በዚያ ሰዓት ታክሲ ማግኘት ራሱ ሎተሪ ነው። ረዳቱ «ሂሳብ ከኋላ!» አለ። ከታሪፉ ላይ 10 ብር ጨምሮ ነው የሚሰበስበው። ሁላችንም አውቀናል። ሁላችንም ከፈልን።

አንዲት ልጅ ብቻ አልከፈለችም። ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። የፋብሪካ ባጇን ጃኬቷ ውስጥ ከታዋለች። «ታሪፉ ይሄ አይደለም እኮ» አለች። ድምጿ ቀጭን ነው፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«እህት፣ ካልተመቸሽ መውረድ ትችያለሽ። ዝናቡ በነጻ ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ልጅቷ ዝም አለች፤ ብሩን ግን አልዘረጋችም። እኔ ስልኬን አወጣሁ። ባትሪው ካለቀ ሰዓት ሆኖታል። የጠፋ ስክሪን ላይ አፈጠጥኩ።

ከኋላ ወንበር ጋቢ የለበሱ፣ እግራቸው ስር ማዳበሪያ ያስቀመጡ ሰውዬ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። «እውነቷን ነው» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ ታክሲው በሙሉ አፍ አወጣ። ልጅ የታቀፉ እናት «በየቀኑ እኮ ነው እንዲህ የምታደርጉን» አሉ። ጋቢና ያለው ጎረምሳ ዞሮ «መልስላቸው እንጂ» አለ። በመጨረሻ ሾፌሩ ራሱ ሰለቸውና «ኧረ ስጣቸውና እንሂድ» አለው። 10 ብራችን ተመለሰ። እኔም ተቀበልኩ። እንዲያውም «ትክክል ነው፣ ሕግ ባለበት አገር!» ብያለሁ። አምስተኛ ተናጋሪ ነበርኩ። አምስተኛ ሆኖ መናገር ምንም አያስከፍልም።

ከወረድኩ በኋላ ጭቃውን እየዘለልኩ ስሄድ አንድ ነገር ከነከነኝ። ጀግናዋ ልጅቷ ናት፤ ይሄ አያከራክርም። ግን ሰውዬው ባይኖሩስ? ምናልባት ወይ ከፍላ ዝም ትል ነበር፣ ወይ ዝናብ ላይ ትወርድ ነበር። እኛም «ምስኪን» ብለን መንገዳችንን እንቀጥል ነበር። ጀግና የሚባለው ማነው፣ ሰው እያወቀ ለምን ዝም ይላል፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ውስጥ ምን ይፈጠራል የሚለውን ለማጣራት ያነሳሳኝ ይሄ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። «ጀግና» ዛሬ ርካሽ ሆኗል። አንድ ትሪ ፍርፍር ብቻውን የጨረሰም ጀግና ነው። በድሮው ትርጉም ግን ጀግና ገዳይ ነበር። አንበሳ የገደለ ጎፈር ይደፋል። ጠላት የገደለ በጌታው ፊት ዘራፍ ብሎ ይፎክራል። ያ ጀግና አፍ ነበረው ማለት ነው፤ ፉከራ በአደባባይ የሚነገር ነገር ነውና። ነገር ግን የሚያወራው ስለ ራሱ ነው። የሚያወራውም ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ለሸላሚው ነው። ጌታውን ራሱን «እዚህ ላይ ተሳስተዋል» ማለት ፉከራ ውስጥ የለም።

ለዚያ ያለን ቃል «ደፋር» ነው። ደፋር ደግሞ ምን እንደሚሸት ታውቃላችሁ። እናት ልጇን «አንተ ደፋር!» ስትለው እያመሰገነችው አይደለም። መድፈር ክብር መጣስም ነው። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ስንል ግማሹ አድናቆት፣ ግማሹ ስድብ ነው። ከዚያ ወረድ ሲል ምላሰኛ፣ ነገረኛ፣ ዓይን አውጣ ይመጣል። ዝም ያለው ግን ጨዋ ነው። ተረቱም ያው ነው፦ «ዝም አይነቅዝም»፣ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ»፣ «ጎመን በጤና»። የመጨረሻዋን ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ሁላችንም በሆዳችን ብለናታል። በተቃራኒው የሚቆም ተረት አምጣ ብትሉኝ ቶሎ የሚመጣልኝ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ነው። እሱም ቢሆን ስለ ራስ ሹመት ነው እንጂ ስለ ሌላ ሰው መብት አይደለም።

ፍርሃቱ ግን ከተረት ብቻ አልመጣም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የማጋለጥ ስብሰባ የሚባል ነገር ነበር። ሰው ቀበሌ አዳራሽ ይጠራና ራሱን እንዲያጋልጥ፣ ጎረቤቱንም እንዲያጋልጥ ይጠየቃል። አንድ ሰው በጣቱ ስላመለከተ ብቻ የሰው ልጅ ወጥቶ ይቀራል። ያን ዘመን ያየ ሰው ዛሬ «ጥቆማ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ቢጠቁር አይፈረድበትም። ከዚያም በኋላ አንድ ለአምስት መጣ። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስርቆት አይቶ የተናገረ ሠራተኛ እኛ ጋ ሲደርስ የክብር ስም ያጣል። ሕጉ «ጠቋሚ» ይለዋል። ሰፈሩ «ጆሮ ጠቢ» ይለዋል።

ሁለቱን የምለይባት አንዲት ቀላል ዘዴ አለችኝ፤ ወሬው ወደ የት እንደሚሄድ ማየት። ጆሮ ጠቢ የደካማውን ምስጢር ለኃይለኛው ያደርሳል። ስለ ጥፋት የሚናገር ሰው የኃይለኛውን ሥራ ለተጎዳው ወይም ለዳኛ ያደርሳል። አንዱ ወደ ላይ ሲያቀብል ይጠቀማል። ሌላው ወደ ላይ ሲናገር ይከፍላል።

ይሄ የመክፈል ነገር ደግሞ የጀግንነት ትርጉም ውስጥ ዋናው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፊሊፕ ዚምባርዶ የሚታወቀው ተማሪዎችን እስረኛና ዘበኛ አድርጎ በሠራው ሙከራ ነው። በኋለኛ ዕድሜው ግን ስለ ጀግንነት ያጠና ነበር። የእሱን መለኪያ በእኛ አማርኛ ብናስቀምጠው እንዲህ ይመስላል፦ ሰውዬው ሳይገደድ፣ ለሌላ ሰው ወይም ለአንድ እምነት ሲል፣ እንደሚያስከፍለው እያወቀ፣ ትርፍ ሳያሰላ ያደረገው ሥራ። (ልጅቷም 10 ብሯን አግኝታለች፣ ታዲያ ወደቀች ትሉ ይሆናል። አይመስለኝም። 10 ብር ለማትረፍ ብሎ በዚያ ዝናብ ጨለማ ላይ ለመጣል የሚያሰላ ሰው የለም።)

በዚህ መለኪያ ሁለት ዓይነት ጀግና አለ። ክረምት ላይ አቃቂ ወንዝ ሲሞላ ልጅ ወሰደ ቢባልና አንዱ ዘሎ ቢገባ፣ ለማሰብ ጊዜ የለውም። በደቂቃ ውስጥ ወይ ያወጣል ወይ ይሞታል። አገርም ያጨበጭብለታል። ተናጋሪው ግን ለማሰብ ሌሊቱ ሙሉ የእሱ ነው። ሚስቱ አለች፣ የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤት አለ። ዋጋውንም የሚከፍለው በአንድ ቀን አይደለም። እድገት ያልፈዋል። ዝውውር ይደርሰዋል። ሻይ ሲወጣ አብሮት የሚወጣ ያጣል። ግማሹ ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻው «ምን ፈልጎ ነው?» እያለ ይጠረጥረዋል። ለእኔ ሁለተኛው ከባድ ነው። ወንዙ ቢያንስ አያማህም።

አሁን ወደ ዝምታው። ሰው ዝም የሚለው ፈሪ ስለሆነ ነው ብለን እናልፈዋለን። ሙከራዎቹ የሚያሳዩት ሌላ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 ላታኔና ዳርሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። አንድ ወጣት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቅጽ ይሞላል። በግድግዳው ቀዳዳ ጭስ ይገባል። ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶው ወጥተው ተናገሩ። በሁለተኛው ዙር ወጣቱ አጠገብ ሁለት ሰዎች ተቀመጡ፤ ጭሱን ዓይተው እንዳላየ ቅጻቸውን እንዲሞሉ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ጭሱ ክፍሉን እስኪሞላ፣ ዓይናቸውን እያሹ፣ እያሳሉ ብዙዎቹ ተቀመጡ። የተናገረው 10 በመቶው ብቻ ነው።

እንግዲህ እነዚህ ወጣቶች ፈሪ አልነበሩም። ጭስ ለራሳቸውም አደጋ ነው። ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ሌሎቹን አዩ። ሌሎቹ ዝም ብለዋል፣ ስለዚህ ችግር የለም ማለት ነው አሉ። ሌሎቹም የሚያዩት እነሱን ቢሆንስ? ሁሉም የሌላውን ዝምታ እንደ መልስ ይወስዳል። ለዚህ ነው አንድ ስብሰባ ላይ 40 ሰው ቁጭ ብሎ፣ 40ውም ነገሩ እንደማያምር እያወቀ፣ 40ውም «እኔ ብቻ ነኝ የከፋኝ» ብሎ የሚወጣው። በር ላይ ሲደርስ ግን ሹክሹክታው አይጣል ነው። እውነተኛው ስብሰባ ሁልጊዜ ደጅ ነው የሚካሄደው።

ይህን ሳይ የሰው ልጅ ምን ዓይነት ጉድ ነው ብዬ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በላንካስተር፣ በአምስተርዳምና በኬፕታውን የመንገድ ካሜራዎች የቀረጿቸውን 219 እውነተኛ ጠቦች ቁጭ ብለው ተመለከቱ። ከአሥሩ ጠብ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ለመገላገል ገብቷል። ሰው በበዛ ቁጥርም ገላጋይ የመገኘቱ ዕድል ጨምሯል። ለእኛ ይሄ ዜና አይደለም። እኛ አገር ጠብ ሲነሳ ገላጋይ ከጠበኛው ይበዛል፤ አንዳንዴም ዱላውን የሚበላው ገላጋዩ ነው።

ታዲያ መንገድ ላይ ለመገላገል የሚሮጠው ያው ሰው ስብሰባ ላይ ለምን ጣራ ያያል? ጡጫ ግልጽ ነው። ማንም ሲያየው ምን እየሆነ እንዳለ አይጠራጠርም። የተጨመረ 10 ብር፣ የጠፋ ደረሰኝ፣ የተድበሰበሰ ሪፖርት ግን እንደ ጭሱ ነው። እንፋሎት ይሆናል፣ ምናልባት እኔ አልገባኝም ይሆናል፣ የሚያውቁት ዝም ካሉ እኔ ማነኝ ያስብላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚናገር ሰው የሚሠራው ትልቁ ሥራ ክስ ማቅረብ አይመስለኝም። ጭሱ ጭስ መሆኑን ማስታወቅ ነው።

እዚህ ላይ ጋቢ የለበሱት ሰውዬ ይመጣሉ። ሰለሞን አሽ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቀላል ፈተና አዘጋጀ። ከሦስት መስመሮች የትኛው ከአራተኛው ጋር እኩል ነው? ሕፃን የሚመልሰው ነው፤ ብቻውን የተጠየቀ ሰው አይሳሳትም ማለት ይቻላል። ችግሩ በክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሁሉ አስቀድመው ተነግሯቸው የተሳሳተውን መስመር መጥራታቸው ነው። በእነዚህ ዙሮች ከተሰጡት መልሶች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ብዙኃኑን ተከትለው ተሳሳቱ። ከአራት ሰው ሦስቱ ቢያንስ አንዴ ዓይኑ የሚያየውን ክዷል።

ከዚያ አሽ አንድ ነገር ቀየረ። ከተሰብሳቢው መካከል አንዱ ብቻ እውነቱን እንዲናገር አደረገ። ስህተቱ ከቀድሞው ሩብ ገደማ ብቻ ሆነ። አንድ ሰው! ይባስ ብሎ ያ ሰው ትክክል መሆን እንኳ አልነበረበትም፤ ከብዙኃኑ ለየት ያለ ሌላ ስህተት ሲናገር እንኳ ተፈታኙ ጥቂት ልብ አገኘ። አጋሩ በመሃል ከድቶ ወደ ብዙኃኑ ሲዞር ስህተቱ እንደገና ተመለሰ። ጉዳይ አለኝ ብሎ ክፍሉን ጥሎ ሲወጣ ግን የሰጠው ድፍረት ከእሱ በኋላም ጥቂት ቆየ። ይህችን የመጨረሻዋን ስሰማ ብዙ ሰው ትዝ አለኝ። የሞቱም፣ የተሰደዱም።

የእኔ ሐሳብ እንግዲህ ይሄ ነው። የመናገር ድፍረት የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ ተደርጎ ሲነገር ግማሹ ይቀራል። መጀመሪያ የሚናገረውን ሰው «ነገረኛ» ወይም «ጀግና» የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ልጅቷ ብቻዋን እያለች ለረዳቱ አንዲት ጨቅጫቃ ተሳፋሪ ነበረች። «እውነቷን ነው» ከተባለ በኋላ ጥያቄዋ የታክሲው ጥያቄ ሆነ።

ገዢዎች ይህን ከሥነ ልቦና ሊቃውንት በፊት ያውቁታል። አቡነ ጴጥሮስን አስቡ። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች በክረምቱ ጭቃ ከዙሪያዋ ወደ አዲስ አበባ ገብተው ጣሊያንን ሲያጠቁ ጳጳሱ አብረዋቸው ነበሩ። ጥቃቱ ከሸፈና በጣሊያን እጅ ወደቁ። የተጠየቁት ቃል ብቻ ነው። አርበኞቹን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲናገሩ። እንቢ አሉ፤ ሕዝቡ ለጠላት እንዳይገዛም አወገዙ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ ተረሸኑ። ታንክና አውሮፕላን ያለው ጦር የአንድ መነኩሴ ቃል ለምን አስፈለገው? ለምንስ በሕዝብ ፊት ገደላቸው? ጥይቱ ለእሳቸው ነው። ሕዝቡ እንዲያይ የተደረገው ግን «እውነታቸውን ነው» ለሚለው ለሁለተኛው ሰው ነው። ሁለተኛው ግን አልጠፋም፤ አርበኝነቱ ጣሊያን እስኪወጣ እስከ 1933 ዓ.ም. ቀጠለ። ዛሬ ከየዳርቻው ወደ መርካቶና ፒያሳ ስንሄድ «ጴጥሮስ ጋ ወራጅ» ብለን እንወርዳለን። ወራጁ ስንት ጊዜ ቀና ብሎ እንደሚያያቸው እንጃ።

ሁለተኛው ሰው አንዳንዴ ራሱ ባለሥልጣኑ ይሆናል። ይህም በእኛው ምድር ተደርጓል። በእስልምና ታሪክ እንደሚተረከው፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱ ሙስሊሞች አክሱም ደረሱ። አሳዳጆቻቸው ለንጉሡም ለጳጳሳቱም ስጦታ ይዘው ተከትለው መጡ። «ስለ ኢየሱስ ከባድ ነገር ነው የሚናገሩት፣ ጠይቃቸው» አሉት። ስደተኞቹ መከሩ። አለባብሰው ማለፍ ይችሉ ነበር። ጃዕፈር ኢብን አቡ ጧሊብ በክርስቲያን ንጉሥ ፊት ቆሞ የሚያምነውን ሳይቀንስ ተናገረ። ነጃሺ ከመሬት እንጨት አነሳና፣ ኢየሱስ አንተ ካልከው የዚህችን እንጨት ያህል አይበልጥም አለ። ጳጳሳቱ አጉረመረሙ። ብታጉረመርሙም ነው አላቸው፤ ስጦታውንም አስመለሰ። የጃዕፈርን ድፍረት ሁሉም ያወራል። በራሱ ሰዎች ፊት የመስማትን ድፍረት ያሳየው ንጉሥ ግን ያልተዘመረለት ይመስለኛል።

ሰሚ ከጠፋ ደግሞ ሁለተኛም ሦስተኛም ቢኖር አይበቃም። ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ከመነሳቷ በፊት በነበረው ምሽት፣ ሮጀር ቦይስጆሊ የተባለ ኢንጂነር ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ተከራከረ። ብርዱ የሮኬቱን የላስቲክ ማሸጊያ ግትር ያደርገዋል፣ ነገ አትነሳ አሉ። አለቆቻቸው መጀመሪያ ተቀበሏቸው፣ በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ። መንኮራኩሯ በተነሳች በ73 ሰከንድ ተበታተነች፤ 7 ሰው አለቀ።

በተቃራኒው፣ ሳይጮህ የተሳካለትም አለ። ፍራንሲስ ኬልሲ በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ገና አዲስ ሠራተኛ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ፋይል ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። በአውሮፓ እየተሸጠ ነው። ኩባንያው በስልክም በአካልም እየተመላለሰ ወጠራት። እሷ «ማስረጃው አልበቃኝም» ብላ አልፈርም አለች። ከአንድ ዓመት በኋላ ነገሩ ወጣ። መድኃኒቱን እርጉዝ ሆነው የወሰዱ እናቶች በየአገሩ እጅና እግራቸው ያልተሟላ ሕፃናትን ወለዱ፤ ቁጥሩ ከ10,000 በላይ እንደሆነ ይገመታል። ቢሮ የሠራ ሰው ያቺን ሴት ያውቃታል። «ፋይሉ አንቺ ጋ ለምን ቆመ?» የምትባለዋ ናት።

ሕጋችን ስለዚህ ሁሉ ምን ይላል? ሕጉ ጀግና ሁኑ አይልም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ሕይወቱ ወይም ጤናው በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ያልረዳን ይቀጣል፤ ግን «በራሱ ወይም በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳይደርስ» መርዳት ይችል ከነበረ ብቻ ነው። ወንዙ ውስጥ ዝለል አይልህም፣ ገመድ ወርውር ወይም ሰው ጥራ ነው የሚልህ። አንቀጽ 443 ደግሞ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አውቆ ያለ በቂ ምክንያት አለመናገርን ራሱን ወንጀል ያደርገዋል። ከዚያ በታች ያለውን አብዛኛውን ለኅሊና ትቶታል።

ለሚናገሩት ሰዎች ደግሞ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ማንነትን መደበቅ፣ መኖሪያ መለወጥ፣ ከመጋረጃ በስተጀርባ መመስከር የመሳሰሉትን ይፈቅዳል። ነገር ግን ለከባድ ወንጀሎች የተሠራ ነው። የታክሲ 10 ብርም፣ የአለቃ ግልምጫም እዚያ ውስጥ አይገባም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለተበደለ ሰው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ስሙን ሁልጊዜ እወደዋለሁ፤ የትኛው ሕግ አርቃቂ እንደሆነ እንጃ፣ ቀኑን ደህና ውሎ ነው ያወጣው።

ለተናጋሪው የሚጠቅም አንድ ነገር ከሕጉ ልጨምር፤ ስም ማጥፋት አሁንም ያስጠይቃል። ስለዚህ ያየኸውን ተናገር፣ የደመደምከውን ለዳኛ ተው። «ሌባ ነህ» እና «ደረሰኙ የታለ?» መካከል የፍርድ ቤት ርቀት አለ። ጥያቄ ከክስ ይልቅ ለሁለተኛው ሰውም ይመቻል። «ሌባ ነው» የሚለውን ማገዝ ያስፈራል፣ «እኔም ደረሰኙን ባይ ደስ ይለኛል» ማለት ግን ማንም ይችላል። ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሲገስጸው እንኳ በተረት ነው የጀመረው። የአንድ ድሃ ሰው በግ ተወሰደች ብሎ ነገረው። ንጉሡ በሰውዬው ላይ ከፈረደ በኋላ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለው። ሰምና ወርቅ እኛ ጋ ብቻ ያለ ይመስለናል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ራሴን መሸሸግ አልችልም። የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለውሃ ፓምፕ ጥገና ብለን በየወሩ እናዋጣለን። ፓምፑ ከተበላሸ ቆይቷል። ውሃውን በጀሪካን ነው አራተኛ ፎቅ የምናወጣው። ባለፉት ሁለት ስብሰባዎች ሪፖርት ቀርቧል፤ «ወጪ» ተብሎ በድምሩ ተነበበ እንጂ ዝርዝር የለውም። ሁለቴም እጄን ላወጣ ብዬ ጭንቅላቴን አክኬ መለስኩት። ሰብሳቢው ክርስትና የጠራኝ ሰው ነው። ልጁ ዓይኔ እያየ ነው ያደገው። ምን ብዬ?

ባለፈው ቅዳሜ ግን ከታች ጀሪካን ስሞላ ከሦስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ጋር ተገጣጠምን። ሁለታችንም ተራ እየጠበቅን ነው። ዞር ዞር ብዬ አየሁና «ስማ፣ ያ ሪፖርት ግን ዝርዝር የለውም አይደል?» አልኩት።

ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ።

«እንዴ» አለ፣ «እኔ እኮ አንተ የምታውቀው ነገር አለ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ቀጣዩ ስብሰባ እሑድ ነው። ማን መጀመሪያ እጁን እንደሚያወጣ ገና አልተስማማንም።